በሚሮጠው ቴፕ የተቃኘ ጊታር

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ወንዙ ቀጠነ፤ ግድቡ ጎደለ። መጀመሪያ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ በኋላ ፈረቃውም ቃሉን መጠበቅ ተወ። ቧንቧ ሲከፈት አየር ብቻ ያስነጥስ ጀመር። ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ። ማተሚያ ቤቱ ሠራተኞቹን ወደየቤታቸው ሰደደ። አቧራው መስኮት ተዘግቶም ይገባል፤ አልጋ ላይ፣ ዳቦ ላይ፣ ጥርስ መሃል ይገኛል። ሰው ወሬ አሳጠረ፤ ምራቅ ለመቆጠብ ይመስል ነበር።

ሞተር የሚጠቀልለው ሰውዬም ሥራ ፈታ። መብራት ሄድ መጣ ይል በነበረበት ሰሞን የተቃጠለ ሞተር በሩ ላይ ይከመርለት ነበር። መብራቱ ጭራሽ ሲጠፋ ግን የሚቃጠልም ጠፋ። የማይዞር ሞተር አይቃጠልም። የመዳብ ሽቦውን በየውፍረቱ ደረደረ፤ አፈረሰና እንደገና ደረደረ። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ሰፈሩ ጠቅላዩ ይለዋል። ሞተር ስለሚጠቀልል ነው። መንግሥት ቢቀየር እሱ ከወንበሩ አይነሳም እያሉ ይቀልዱበታል። ሱቁ አንድ ክፍል ነው። በአንዱ ግድግዳ በኩል የሱ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል የሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና። ሰላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ሠርተዋል። የሚስቱ መኪና በእግር የሚመታ ስለሆነ መብራት ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም። ያን ዓመት ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች።

ግን ከወንዙ ጋር የሷም ጆሮ እየደረቀ ነበር። መጀመሪያ የቀረባት የወፍ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የበር ማንኳኳት። ቀጥሎ ልጇ ከኋላ ስትጠራት። ሐኪሙ ግራውን መረመረና ራሱን ነቀነቀ። ቀኙን መርምሮ፣ «ይህም መንገድ ጀምሯል» አለ። መድኃኒት አልጻፈም።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ሚስት ቤት ገብታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ክር አስገባች፤ ከዚያ ዞር ብላ፣

«ያ ቀጭኔ ዕዳዬን ሳይከፍለኝ ጆሮዬ ሊዘጋ ነው» አለች።

ጠቅላዩ የምትለውን ያውቃል። ዕዳው የገንዘብ አልነበረም።

ቀጭኔ የሚሉት የወጣትነት ወዳጃቸው ነው። አንገቱ ረጅም፣ ጣቱም እንደ አንገቱ። ጊታር ይመታ ነበር። ያኔ ልጃቸው ገና አልተወለደችም። እሑድ ከሰዓት ሥራ ሲዘጋ ሦስቱ እዚችው ክፍል ይሰበሰባሉ። መደርደሪያው ላይ ቴፕ አለ። ሲገዙት የሞተ ነበር፤ ጠቅላዩ ከሌላ ቴፕ የነቀላትን ትንሽ ሞተር አስገብቶ ነፍስ ዘርቶበታል። የሌላ አገር ጊታር መቺዎች ካሴት ከየትም ከየትም ለቃቅመው ይሰማሉ፤ ከዚያ ክርክር ነው።

የቀጭኔ ሰው ጂሚ ሄንድሪክስ ነበር። «ጊታሩን ገልብጦ በግራ እጁ ይዞ ይኼን የሚያህል እሳት! ሌላው ሁሉ ክብሪት ነው» ይላል። ጠቅላዩ በጂሚ ፔጅ ይምላል። «ያንተው ቤት ያቃጥላል፣ የኔው ቤት ይሠራል። አንዱን ጊታር ባንዱ ላይ እንዴት እንደሚደርብ ስማ፤ እንደ ሽቦ ጥቅል ነው፣ አንዷ ዙር ካንዷ አትጋፋም» ይላል። አንድ ሰሞን ዴቪድ ጊልሞር ሊያስታርቃቸው ነበር። ሁለቱም ወደዱት። ከዚያ ማን አስቀድሞ እንደወደደው ተጣሉ።

ሚስት የምትሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቢ ቢ ኪንግን። ሌሎቹ ሲመቱ መኪናዋን አታቆምም። የሱ ካሴት ሲገባ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ታነሳለች።

«ምን አግኝተሽበት ነው እትዬ?» ይላታል ቀጭኔ። «አንዷን ኖታ ይዞ ሲያለቅስ ይውላል እኮ። እኔ በዚያ ሰዓት መቶ እመታልሻለሁ።»

«የናንተዎቹ ይናገራሉ» ትላለች። «ይኼኛው ይሰማል። ሲዘፍን ጊታሩን ዝም ያሰኛል፤ ጊታሩ ሲጀምር እሱ ዝም ይላል። ባልና ሚስት እንዲህ ቢሆን ምን አለ?»

ጠቅላዩ ይኼን ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

አንድ ቀን የቀጭኔ አምፕሊፋየር ጨሰ። ትራንስፎርመሩ ከሰል ሆኖ ነበር። ጠቅላዩ ፈታው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነውን ሽቦ አንድ በአንድ ጠቀለለው፤ ቫርኒሽ አጠጥቶ አደረቀው። ቀጭኔ ዋጋውን ሲጠይቅ ጠቅላዩ ሊናደድ ሲል ሚስት ቀደመች።

«ዋጋው የኔ ነው። ያን ቀስ ያለውን፣ የኔን ሰውዬ፣ እዚሁ ቁጭ ብለህ ለኔ ብቻ ትመታለህ።»

«እሱማ ቀላል ነው እትዬ! የሚመጣው እሑድ።»

የሚመጣው እሑድ መጣ። ጣቴን ቆረጠኝ አለ። ሌላው መጣ። ክር ተበጠሰብኝ አለ። እውነትም የቀጭኔ ክር ቶሎ ቶሎ ይበጠስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እንዲህ እያለ፣ አንድ ትልቅ ባንድ ጊታር መቺ ይፈልጋል ተባለ። ቀጭኔ ሸሚዙን በእትዬ አሰፍቶ፣ ጊታሩን እዚችው ክፍል፣ በዚችው ቴፕ ቃኝቶ ለፈተና ሄደ። አምፕሊፋየሩን እዚሁ ትቶ ነበር፤ ባንዱ የራሱ አለው ብለውታል።

ከዚያ በኋላ በዚያ ደጃፍ አላለፈም።

ወሬው ቆይቶ ደረሳቸው። ኦርጋኑና ጊታሩ አልተገናኙም። ኦርጋን መቺው «ቃኘው» ሲለው ቀጭኔ፣ «ቃኝቻለሁ፤ ያንተ ሳጥን ነው የወረደው» አለ። ተሳሳቁበት። የባንዱ አለቃ ሰው ፊት፣ «ወንድሜ፣ ጣት አለህ፤ ጆሮህ ግን የተበላሸ ነው» አለው። ኦርጋን አይሳሳትም። ቀጭኔ ቅስሙ ተሰበረ። መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ከባድ መኪና ይዞ አገር ላገር ዞረ። አምፕሊፋየሩ ጨርቅ ለብሶ ሱቁ ውስጥ ቀረ።

ሚስትም እሑድ ከሰዓት መኪናዋን ሳታቆም መምታት ጀመረች።

ልጃቸው መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መድኃኒት ቤቱ ጄኔሬተር ስላለው ስልኳን እዚያ ትሞላለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሁለቱም ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ የናንተ ሰዎች ሁሉ እዚች ውስጥ አሉ እኮ» ብላ ስልኩን አወጣች። ቢ ቢ ኪንግን ፈልጋ በእናቷ ቀኝ ጆሮ ላይ ለጠፈችላት።

እናት ዓይኗን ጨፈነች፤ ወዲያው ገለጠች።

«ይኼ ሰውዬ ታሟል እንዴ? ድምፁ ወርዷል።»

ጠቅላዩ ስልኩን ተቀብሎ ሰማ። ጎረምሳ ሆኖ የሚያውቀው ዘፋኝ ጎልማሳ ሆኗል። ጊታሩም ከብዷል፤ ዳገት የሚወጣ ይመስላል።

«ባትሪው ደክሟል» አለ።

«ስልክ እኮ እንደ ቴፕ አይደለም አባዬ። ባትሪው ሲያልቅ ይጠፋል እንጂ አይጎተትም።»

ጠቅላዩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ቴፑን አወረደ፤ አቧራውን አራገፈ፤ ድንጋይ አስገባ። ያንኑ ዘፈን ፈልጎ ከስልኩ ጋር እኩል አስነሳቸው። ገና ከመጀመሪያው ተለያዩ። ቴፑ ቀጠን ብሎ፣ ፈጠን ብሎ ወደፊት ነጎደ፤ ስልኩ ሳይቸኩል ከኋላ ቀረ። ቴፑ ጨርሶ ሲንሿሿ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ገና አንጀቱን እየዘረጋ ነበር።

ጠቅላዩ ቴፑን ገልብጦ ፈታው። ያቺ ከሌላ ቴፕ ያመጣት ሞተር ተቀምጣለች። ለዚህ ቴፕ ትንሽ ትፈጥናለች። ብዙ አይደለም፤ ሰው ቢያያት አያውቅም፤ ድምፁን አንድ ግማሽ ቶን፣ የኖታ ትንሿን እርምጃ ብቻ፣ ከፍ ታደርገዋለች።

ያኔ ጣቱን ሞተሯ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። የሚበጠሰው ክር ታየው። ቀጭኔ ከቴፑ ጋር ለመድረስ ክሩን ከልኩ በላይ ይወጥረው ነበር። ከዚያ ኦርጋኑ ታየው።

ሚስት ፊቱን አየችው። ጆሮዋ ከከዳት ወዲህ ፊት ማንበብ ጀምራለች።

«ቀጭኔ» አለች።

«ኦርጋኑ ልክ ነበር» አለ ጠቅላዩ፣ እንድትሰማው ጎንበስ ብሎ። «ቀጭኔም ልክ ነበር። የሰማውን ነው የቃኘው። ልክ ያልነበረችው ይቺ ናት።»

«ንገረው።»

«የት አግኝቼ?»

ያ ዓመት የቀማቸው ብዙ ነው፤ አንድ ነገር ግን መለሰላቸው። ቧንቧው ሲደርቅ ውሃ በቦቴ መኪና ይታደል ጀመር፤ ሹፌር ከየቦታው ተሰበሰበ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠቅላዩ ጀሪካኑን ይዞ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ከአዲሱ ሹፌር ጋቢና አንድ አንገት ወጣ። ፀጉሩ ነጭ ነው። አንገቱ ግን ያው ነው።

«ጠቅላዩ!» አለ ሹፌሩ ሳያስበው። «እስካሁን ከሥልጣን አልወረድክም?»

«ተተኪ አጣሁ።»

ቀጭኔ ወርዶ የጎማውን ቱቦ ያዘ። እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም፤ ሁለቱም እጃቸው ተይዞ ነበር።

«እትዬ ደህና ናት?»

«ዕዳዋን ትጠይቅሃለች።»

ቀጭኔ ዓይኑን ቱቦው ላይ ተከለ። «ጊታር ትቻለሁ። ጆሮዬ ለዚያ አልተፈጠረም፤ ሰምታችኋል።»

«ጆሮህ ደህና ነው» አለ ጠቅላዩ። ነገር ማሳመር አያውቅም። «ቴፑ ነው የሚሮጠው። እኔ ያስገባኋት ሞተር። ግማሽ ቶን ትፈጥናለች። በሷ ቃኝተህ ሄድክ።»

ቀጭኔ ቀና አለ። ቱቦው ከጀሪካኑ አፍ ወጣ፤ ውሃው መሬት ላይ መፍሰስ ጀመረ።

«ኧረ ሹፌር! ውሃው! ውሃው!» ሰልፉ ጮኸ።

ቀጭኔ አልሰማም። «በቴፑ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮዬን ስከስስ ... ሬዲዮ እንኳ ጋቢና ውስጥ ከፍቼ አላውቅም እኮ። ያንተ እጅ የነካው ሞተር ይሳሳታል ብዬ በምን ላስብ?»

ቀጭኔ ቧንቧውን ዘጋ፤ ጋቢናው ውስጥ ታጥፎ ገባና በሩን ዘጋው። የቀረውን ረዳቱ አደለ።

በሚቀጥለው ጊዜ ቦቴው ሲመጣ ቀጭኔ ከጋቢናው አልወረደም። ከዚያ በኋላም አልወረደም። ጠቅላዩ ውሃውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሚስት መልሱን ከፊቱ ላይ ታነባለች። አንድ ቀን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስትለጥፍ አያት። ንዝረቱን ፍለጋ ወደ ግንባሯ አመጣችው፤ እንደገና ወደ ጆሮዋ መለሰችው፤ ከዚያ ለልጇ መለሰችላት።

በማግስቱ ጀሪካኑን ከባሏ እጅ ነጥቃ ራሷ ወጣች። ሰልፉን አልጠበቀችም። በቀጥታ ሄዳ የጋቢናውን በር በመዳፏ ደበደበች። ጆሮ የከዳው ሰው የድምፁን ልክ አያውቅም፤

«አንተ ቀጭኔ! ዕዳዬን አምጣ!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ዞረ።

«ኧረ እትዬ ...»

«ስንት ዓመት ልጠብቅህ? ነገ፣ እሑድ፣ ነገ፣ እሑድ!»

ሰልፉ ጉድ አለ። አንዲት ባለ ሁለት ጀሪካን ሴትዮ፣ «ይኼን የሚያህል ሰውዬ የሴት ገንዘብ ትበላለህ? አታፍርም?» አለችው። ከኋላዋ ያለው ሽማግሌ፣ «ደሞዝተኛ አይደለህ እንዴ? ክፈላት እንጂ!» ብሎ አከለበት። ሌላዋ፣ «አንገቱን አይታችሁ ነው? የበላው አይወርድለትም!» ስትል ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጭኔ ፊቱ ቀልቶ መስኮቱን አወረደ። «እሺ እትዬ፣ እሺ፣ እመጣለሁ።»

«ምን?»

«እመጣለሁ!»

«ጮክ በል! ግራው ሞቷል፤ ቀኙም እየተሰናበተኝ ነው።»

ቀጭኔ ያኔ ገባው። ፊቷን አየ፤ ከከንፈሩ ላይ ያልተነቀሉ ዓይኖቿን አየ። ከዚያ እንደ ዕድሜው ሳይሆን እንደ ልጅ፣ ሰፈሩ እስኪሰማው ጮኸ፤

«እከፍላለሁ!»

ሰልፉ አጨበጨበ።

የመጣው እሑድ ከሰዓት ነው። ጊታሩን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ወልውሎታል። ልጅቷ አዲስ ክር ገዝታ አቆይታለች። ጠቅላዩ ጨርቁን ከአምፕሊፋየሩ ላይ ገፈፈ፤ ውስጡን ፈትሾ ጨርሶ ነበር። ትራንስፎርመሩ ላይ ያ የጥንቱ ቫርኒሽ አሁንም ያበራል። መብራት እንደገና በፈረቃ መምጣት ጀምሮ፣ የሰፈሩ ተራ በዚያ ሰዓት ነው ተብሎ ነበር። ፈረቃ ቢዋሽም ጠበቁ።

ቀጭኔ አሮጌው ቦታው ላይ፣ የሽቦ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። ምንም አልተለወጠም፤ ሦስቱ ብቻ አርጅተዋል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ።

«ምን?»

ድምፁን ከፍ አደረገ። «ከፈተናው በፊትም ያልከፈልኩሽ፣ ጣቴን ቆርጦኝ አልነበረም!»

«አውቃለሁ። ሸሚዝህን ስለካ ጣትህን አይቼዋለሁ። ታዲያ ለምን ነበር?»

«አልችልም ነበር!» ይህ ቀስ ብሎ ሊላት የሚፈልገው ቃል ነው፤ ግን መጮህ ነበረበት፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ መንገደኛም ዞር ብሎ አየው። «ፈጣኑ ይደብቃል! ብትስቺ በሚቀጥለው ትሸፍኚዋለሽ! አንዷን ኖታ ይዘሽ ስትቆሚ ግን የት ትገቢያለሽ? እቤቴ ሞከርኩ፤ ሞከርኩ፤ ሞታ ትወድቅብኛለች! ሰውዬሽን የማንቋሽሸው ለዚያ ነበር!»

ሚስት ሳቀች። «ይኸው፣ አሁን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ሰማሁ።»

መብራት መጣ። አምፕሊፋየሩ ጉሮሮውን ጠረገና እምምም ማለት ጀመረ። ቀጭኔ ክሩን እያጠበቀ ቀና አለ።

«በየትኛው ልቃኘው? በስልኩ ነው በቴፑ?»

ጠቅላዩ ሚስቱን አያት። በእጁ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ቴፑን አመለከታት።

«እኔ የማውቀው የዚህን ቤት ነው» አለች።

ጠቅላዩ ከነሞተሯ መልሶ የገጠመውን ቴፕ ከፈተ። ቀጭኔ እየሰማ ክሩን ወጠረ፤ ወጠረ። ቀጭኗ ክር ጧ ብላ ተበጠሰች። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ድሮ በዚያች ድምፅ ላይ ይሰዳደቡ ነበር፤ አሁን ጠቅላዩ የተበጠሰችውን ክር ጫፍ በጣቱ ጠቀለለው። የቀረው ክር ይበቃል ተባለ።

ሚስት ወንበሯን ጎትታ መጣች። መዳፏን የአምፕሊፋየሩ እንጨት ላይ አኖረች። የስፌት መኪናዋን ሕመም ስታዳምጥም እንዲሁ ነው የምታደርገው።

ቀጭኔ ጀመረ። ፈጣኑን ቢፈልግም አይችልም፤ መሪ የያዘ ጣት ደድሯል። አንዷን ኖታ ገፋት፤ ሽቅብ አወጣት፤ እዚያ ላይ የእጁን አንጓ አንቀጠቀጠ። ኖታዋ አልወደቀችም። ቆመች። ክፍሉን ሞላችና ቆመች። ዝም አለ። ሚስት በዝምታው ውስጥ ራሷን ነቀነቀች። ሌላዋን ላከ።

ጠቅላዩ ሽቦዎቹን ያያል። ዓይኑ ሽቦ ላይ ነው እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም። በዚህ መስኮት ይገባ የነበረውን የእሑድ ብርሃን፣ የሚስቱን ጥቁር ፀጉር አየ፤ የራሱን ጎረምሳ ድምፅ «የኔው ቤት ይሠራል!» እያለ ሲከራከር ሰማ። በዓለም ላይ ይህን ዘፈን በዚህ ቅኝት የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ዘፈኑን የሠራው ሰውዬ እንኳ አያውቀውም። ሦስት ሰው ብቻ ያውቀዋል፤ ከሦስቱ አንዷ ልትሰናበተው ነው።

ድንገት አምፕሊፋየሩ ዝም አለ። መብራት ሄደ።

ቀጭኔ እጁን አነሳ። «ይኼ ፈረቃ!»

«ለምን አቆምክ?» አለች ሚስት።

«መብራት ጠፋ እትዬ!»

ሚስት ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቀረበች። መዳፏን ከአምፕሊፋየሩ አንስታ የጊታሩ እንጨት ላይ፣ ከክሮቹ በታች አሳረፈች። «ጨርስ» አለች።

ቀጭኔ ቀጠለ። መብራት የሌለው የኤሌክትሪክ ጊታር የትንኝ ያህል ነው ድምፁ። ጠቅላዩ ከጠረጴዛው አጠገብ ሆኖ ጆሮውን ቢቀስር ከመንገዱ የልጆች ጩኸት በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። ደህና ጆሮ ያለው እሱ ነበር። ሚስቱ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ የቀጭኔ እጅ ሲገፋ ግንባሯን ስብስብ፣ ሲለቅ ፈታ እያደረገች፣ አንዲትም ሳታመልጣት ትከተለው ነበር። ጠቅላዩ ዘፈኑን ከሚስቱ ግንባር ላይ ሰማው።

የመጨረሻዋ ኖታ ረጅም ነበረች። ሚስት እስክታልቅ ጠበቀች። ካለቀችም በኋላ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ መዳፏን አነሳች።

«ተከፍሏል» አለች።